ጋቢ የለበሰችው ፒክአፕ

ከዳንግላ ገበያ በጋሪ ስንመለስ እኔ ከነጂው ጎን ተቀምጫለሁ፤ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ባልሽ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ አሉ።»

«ገዛ። በሯ በሽቦ የታሰረችውን፣ አረንጓዴዋን።»

«ታዲያ ምን አስከፋሽ? ጭቃ ሲሆን አራቱም ጎማዋ ይስባል ይባላል።»

«እሱስ ይስባል። ብርድ አትወድም ብሎ ግን እኔ ፈትዬ ያሠራሁለትን ጋቢ ማታ ማታ እሷን ያለብሳታል።»

«ጋቢውን?»

«ጋቢውን። ሲነጋ ኮፈኗን ከፍቶ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ከዚያ እንደ ፈረስ እየደባበሰ በአገውኛ ያባብላታል። ፈረሱን እንኳ እንዲህ ሲያባብል አላየሁም።»

«ትነሳለታለች?»

«ወዲያው ነው የምትነሳለት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስስል ሰንብቼ አንድ ቀን ምን ሆንሽ አላለኝም።»

«አንቺም ጋቢውን ስጠኝ በይው እንጂ።»

«አልኩት። እሷ ሞቅ ሲላት ትወስጂዋለሽ አለኝ።»

ያቺን ፒክአፕ በቅርቡ የሸጥኳት እኔ ነበርኩና፣ ለእኔ አንድም ጠዋት ሳትገፋ ተነስታልኝ እንደማታውቅ እያሰብኩ እስከ ቤቴ ድረስ የፈረሱን ጀርባ ሳይ ሄድኩ።