ግማሽ ላይ የቀረው ጌጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ወደ ገደብ ከተማ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ነዳጅ የያዘ ጀሪካን አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ዞረው አዩት።

«በነዳጅ ሽታ ልትጨርሰን ነው?»

«ይቅርታ አባባ፤ የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ እሸት ቡና እንደጫነ ኮንጋ ላይ ቆመብኝ። ዛሬ ካላደረስኩት ይበላሻል።»

«የነዳጁን ጌጅ አታይም?»

«ሁልጊዜ ግማሽ ይላል።»

«ቁልፉን ስትዘጋስ ይወርዳል?»

«ይወርዳል። ስከፍተው ተመልሶ ግማሽ።»

«እንግዲያው ጌጁ ደህና ነው። ታንኩ ውስጥ ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ተንሳፋፊ ተጣብቋል።»

«አባቴ በሕይወት እያለ ታንኩን አንኳኩቶ በድምፁ ያውቅ ነበር። እኔም አንኳኳለሁ፤ ሙሉውና ባዶው ግን አይለይልኝም።»

«ዛሬ ባዶ ነው አይደል? ነዳጁን ከመጨመርህ በፊት አንኳኳና ስማው፣ ልጄ።»

ኮንጋ፣ ከቆመው ፒክአፕ አጠገብ ሲወርድ «እህቴ፣ ቦታ አጣበብኩብሽ» አለኝ።

ታክሲው ሲነሳ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።