ቦዩና ቀጠሮው

ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከአጥንት ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ፤ አባታቸው በራቸው ላይ ክፍት የተተወ ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ጠበቃው ይኄይስ የክስ ማመልከቻ ይዞ ከታላቅ እህቱ ከአስካለ ጎን ተቀምጧል።

አስካለ፦ አልመሰክርም አልኩህ እኮ።

ይኄይስ፦ ያየሽውን መናገር ብቻ ነው። ቦዩን ቆፍረው ከሄዱ ሁለት ወር አለፈው፤ ክዳን የለው፣ ምልክት የለው።

አስካለ፦ ያየሁት ብዙ ነው። ከየቱ ልጀምር?

ይኄይስ፦ ከቦዩ።

አስካለ፦ እኔ የምጀምረው ከጠዋቱ ነው። አባባ ለዓይን ቀጠሯቸው ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። «ይኄይስ በመኪና ይወስደኛል» አሉኝ። እኔም አምኜህ ገበያ ወጣሁ።

ይኄይስ፦ እሱ ለክሱ አያስፈልግም።

አስካለ፦ ለምን አያስፈልግም?

ይኄይስ፦ ሕጉ ቸልተኝነት የሚለው፣ ግዴታ ያለበት ሰው ሳይጠነቀቅ ቀርቶ በዚያ ሰበብ ሌላው ሲጎዳ ነው። ሥራ ተቋራጩ ቆፈረ፤ የመክደን ግዴታ ነበረበት፤ አልከደነም፤ አባባ ወደቁ። አለቀ።

አስካለ፦ አንተስ? እወስድዎታለሁ አላልክም?

ይኄይስ፦ ብያለሁ። ግን እሱ… በሕግ ዓይን እያልኩሽ ነው እንጂ… እንዲያው የቤተሰብ ቃል ነው።

አስካለ፦ እኛ ሰፈር ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው።

ይኄይስ፦ በእናንተ ሰፈር ሕግማ እኔ ይግባኝ የማይባልልኝ ፍርደኛ ነኝ። የእማማን ተዝካር ረስቻለሁ። የልጅሽ ምርቃት ላይ የደረስኩት ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። የአባባን ጣሪያ አሠራለሁ ብዬ ለክቼ ብቻ ተመለስኩ።

አስካለ፦ ሁለት ጊዜ ነው የለካኸው።

ይኄይስ፦ መዝገቡ ይታረም፣ ሁለት ጊዜ።

አስካለ፦ ለመሆኑ ያን ቀን የት ነበርክ? ስልክህ ዝግ ነበር።

ይኄይስ፦ ባልነግርሽ ይሻላል።

አስካለ፦ ይኄይስ።

ይኄይስ፦ ችሎት ነበርኩ። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ተኝቶ ዕቃ ተዘርፏል ተብሎ ተከሷል፤ እኔ የቆምኩት ለከሳሾቹ ነው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አንድ ሰው አለልኝ ተብሎ ከታመነበት ቦታ ሳይገኝ ሲቀር…» እያልኩ ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። ድምፄም አምሮልኝ ነበር። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ነው የሰሙኝ።

አስካለ፦ ተረታልህ?

ይኄይስ፦ ተረታ። ደስ ብሎኝ ስወጣ ስልኬን ብከፍት፣ አሥራ አንድ ጊዜ እንደደወልሽልኝ መልእክት ገባ።

አስካለ፦ እኔ የደወልኩት አራት ጊዜ ነው፤ ከወደቁ በኋላ። ሌላውን የደወሉት አባባ ናቸው፣ በር ላይ ቆመው።

ይኄይስ፦ …ሁሉም ያንቺ መስሎኝ ነበር። የማን ስልክ ቁጥር እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

አስካለ፦ ታዲያ ይሄ በሕግ ምን ይባላል?

ይኄይስ፦ ስም የለውም። ስም ቢኖረው ኖሮ ስከራከርበት እኖር ነበር።

አስካለ፦ የተቋራጩ ጠበቃ አያነሳብህም?

ይኄይስ፦ ያነሳል እንጂ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። «ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ብቻቸውን ለምን ወጡ? የሚወስዳቸው ማን ነበር?» ይልሻል።

አስካለ፦ ሲለኝስ? ልዋሽልህ?

ይኄይስ፦ አትዋሺ። እዚያው እኔ በቆምኩበት፣ «የሚወስዳቸው ይሄ ጠበቃ ነበር፣ ቀረ» በይ። ክሱ ቢዳከምም ይዳከም። አራት ቀን ሙሉ ማመልከቻውን ስጽፍ፣ ተቋራጩን የሰደብኩበት ቃል ሁሉ እየዞረ እኔኑ ነው የሚመታኝ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢነግረኝ ይቀለኛል።

አስካለ፦ እኔ ላንተ ብዬ አይደለም እንቢ ያልኩት።

ይኄይስ፦ ለማን ብለሽ ነው?

አስካለ፦ ያመጣናቸው ዕለት ሐኪሙ «ብቻዎን ለምን ወጡ አባቴ፣ የሚወስድዎት ልጅ የለም?» አላቸው። በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ቀና ብለው፣ «ልጆቼ ምንም አያውቁም፤ ለማንም ሳልናገር ነው የወጣሁት» አሉት፤ ካርዳቸው ላይ ሰፍሯል። አሁን እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ አባቴን ውሸታም ላድርጋቸው?