ጥር ላይ የተፈተነው ሰደርያ

አካም ቡልቴ፣ ሊሊሴ? ግቢ፣ ግቢ... ጭቃውን ተይው፤ ነቀምቴ ላይ በነሐሴ ማን ጫማ ይጠርጋል? ዝናቡ አላስወጣ አለ አይደል? ስጥሽን አስገባሽ? እኔ ስንዴዬን ለጥቂት አተረፍኩ።

እሁድ የምስጋና ፕሮግራም አላችሁ አሉ። እሰይ! የወንድምሽን ጥሪ በዚህ ዝናብ ራስሽ ይዘሽ መምጣትሽ ደግሞ... ተባረኪ። የቤታችሁ ሊቅ ከወታደሮቹ ምርምር ቤት ተሸልሞ መጣ! ከቃጫ ጥይት የሚመልስ ሰደርያ መሥራት ቀላል ነገር ነው እንዴ? ብረት የለው፣ ክብደት የለው። ባሌ ቢራቱዬ እንኳ ሰደርያውን የሰጡት ቀን ደውሎ፣ «ጀርባዬ አረፈ» ብሎኝ ነበር። እውነትም አረፈ።

እኔም ፊት ወንበር ላይ እንድቀመጥ ፈልጋችኋል። ባሏ ሰደርያውን ለብሶ ሞተ፣ እሷ ግን አልተቀየመችም እንዲባል... ምን ክፋት አለው?

ጥር ላይ ነው አሉ የተፈተነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ፣ ትልልቅ እንግዶች ተሰብስበው። ተተኮሰበት፣ ጥይቱ ተመለሰ፣ ተጨበጨበ። በጥር ድግስ ላይ ሐምሌን ማን ይጠራል?

ቢራቱ ግን ድልድይ የሚጠብቀው አምና በሐምሌ ነበር። ጓደኞቹ እንደነገሩኝ ጥይቱ ሲመታው ሰደርያው ውሃ ጠጥቶ እንደ ራሰ ዳቦ ነበር። ውሃው ምን ያድርግ? አልተማረ! ፈተናው ጥር ላይ እንደታለፈ በምን ይወቅ?

የሚገርመኝ... እዚሁ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ስታድጉ፣ ደመና በጠቆረ ቁጥር «ሃርሜ፣ ቦካን ዱፌ! ዝናብ መጣ!» እያለ የእናታችሁን ስጥ ለማስገባት የሚሮጠው ማን ነበር? አንድ ፍሬ አያስበሰብስም ነበር እኮ! አይፈረድም፤ ትምህርት ሲበዛ ዝናብን ያስረሳል።

ቢራቱ የተማረ ሰው ይወድ ነበር። «የተማረ ይግደለኝ» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ስንቱ ሰው ምኞቱ ሳይሰምር ይሞታል... የእኔ ባል ግን ታድሎ።

ለቅሶ አልደረሰም ብለው ወንድምሽን የሚያሙት አሉ። እኔ እንኳ አላማሁትም! ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ቢመጣ ልብሱ ይረጥብበት ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? እውነት ነው። ድግሱን እናንተ ቤት አደረገ፤ ለጠቡ ደግሞ የእኔን ቤት መረጠ።

እመጣለሁ። ለምን እቀራለሁ? ባዶ እጄንም አልመጣም። ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ታየሽ? ከቢራቱ ዕቃ ጋር የላኩልኝ ነው። ዓመት ሙሉ ጭስ ላይ ሰቅዬው ሻጋታው አልለቀቀም። እሁድ ምስክርነት ሊሰጥ ሲቆም ይልበሰው፤ ያምርበታል። ስለ ቀዳዳው አታስቢ፤ ደረቱ ላይ ስለሆነ ከረባቱ ይሸፍነዋል።

ምነው ተነሣሽ? ዝናቡ ሳያባራ? ሻይ እንኳ ሳትቀምሽ?

እንግዲህ ሰላም በይልኝ። ዕድሜ ይስጠው። ብዙ ክረምት ያሳየው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፉን ያጣፍጥለት። ያንን የሚያምር ወንድ ልጁንም ያሳድግለት፤ አድጎም፣ አባቱ የሠራለትን ለብሶ፣ በሐምሌ አገር ሲጠብቅ ለማየት ያብቃው...

አሜን በይ እንጂ፣ ሊሊሴ።