የጋሽ ድንች አቤቱታ

ጋሽ ድንች ያን ቀን ጠዋት ንግድ ቢሮ የሄዱት ለሌላ ለምንም አይደለም፣ ሰው ሊከሱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋሪ እየገፉ ድንች ሲጠብሱ ኖረዋል፤ ሰፈሩም ስም ያወጣላቸው ለዚሁ ነው። ታዲያ አምና የጎረቤታቸው ልጅ፣ ያቺ የምግብ ዝግጅት የተማረችው፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ወደ ወጥ ቤት ቀይራ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች። ሳንድዊች ነው የምትሸጠው። ወረፋው ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ የጋሽ ድንችን ጋሪ አልፎ ይሄዳል። አልፎ! እሱ ነው ያንገበገባቸው።

የባሰው ደግሞ ባለፈው ሳምንት መጣ። ደንብ አስከባሪዎች መጡ ሲባል ጋሽ ድንች የፈላ ዘይት እንደጫኑ ጋሪያቸውን ይዘው እብስ አሉ። ጥግ ደርሰው ዞር ቢሉ፣ አንደኛው አስከባሪ የልጅቷ መስኮት ላይ ተደግፎ ይበላል! ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላቸው። «ፈቃድ የላትም፣ ንጽሕና የላትም፣ ትነሣልኝ» የሚል አቤቱታ አስጻፉ።

ቢሮው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ማንን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ራሷን!

«ውይ ጋሼ!» ብላ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ፈቃድ ሊያወጡ ነው አይደል? እሰይ! እኔ ላሳድስ ነው።»

«እ... አዎ» አሉ፣ ሌላ ምን ይበሉ? «ግን የምን ፈቃድ ነው? የኔ ፈቃድ እጄ ነው። በኔ ድንች ማን ታመመ?»

«ማንም። ግን ማን ይመሰክርልዎታል? እኔ የጤና ምርመራ አድርጌያለሁ፣ ንግዱን አስመዝግቤያለሁ። የውሃ ታንከሬንና የቆሻሻ መያዣዬን አይተዋል፣ ጋዙንና እሳት ማጥፊያውን ፈትሸዋል። ከዚያ በኋላ ነው መቆሚያ ቦታ የሰጡኝ።»

«ድንች ለመጥበስ ነው ወይስ አውሮፕላን ለማብረር?»

ሳቀች። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር! ደግሞ ሞኟ እኔ መኪናዋን አሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ደንቡን የጠየቅኩት። እጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው ይለይ አሉኝና አስፈርሼ እንደገና አሠራሁት። እርስዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ለጋሪ የራሱ ደንብ አለው፣ ከመኪና ይቀላል። በሉ መታወቂያዎን ያምጡ፣ ቅጹን ልሙላልዎ።»

ጋሽ ድንች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው መታወቂያውን ሲያወጡ አቤቱታው አብሮ ወጣና እግሯ ሥር ወደቀ። አነሣችው። አነበበችው።

«ፊርማ ረስተዋል» አለች በመጨረሻ። ዓይኗ ግን ቀልቷል። «ደግሞ ‹ፈቃድ የላትም› ይላል። መስኮቴ ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ? አንድ ቀን እንኳን ቀርበው አላዩም።»

«ቀናሁ!» አሉ ጋሽ ድንች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ምን ትይኛለሽ? ቀናሁ! ስትድሂ የማውቅሽ ልጅ መጥተሽ ወረፋዬን ወሰድሽው። እኔ ስሮጥ እነሱ አንቺ ጋ ይበላሉ!»

«እሺ ጋሼ፣ እኔ ብነሣልዎ እርስዎ መሮጥ ያቆማሉ?»

ጋሽ ድንች አቤቱታውን ከእጇ ወሰዱ። እሷ ግን ቀጠለች።

«ነርሶቹ እኮ ድንችዎን ይወዱታል። ምሳ ሰዓት ሲወጡ ግን እርስዎ አንድ ቀን አሉ፣ አንድ ቀን የሉም። ደግሞ ያ የፈላ ዘይት! ሲሮጡ መንገደኛ ላይ ቢደፋስ?»

እውነቷን ነው። ቅናት እንዲህ ነው፣ የራስን ጉድለት የሰው ጥፋት አድርጎ ያሳያል። ጋሽ ድንች ፈቃድ የሚባለው ባለሥልጣን ነጋዴን የሚያስጨንቅበት ወረቀት ነበር የሚመስላቸው። በላተኛው ሳይጠራጠር እንዲጎርስ፣ ሻጩም በየደቂቃው ሳይገላመጥ እንዲሸጥ የሚያደርግ መሆኑን አስበውት አያውቁም። ቋሚ ቦታ ያለውን ሻጭ ደንበኛ አያጣውም፤ ምርመራ ያለፈን እጅ ማንም አያማውም።

«ቀጣይ!» አለች መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ። «አባት፣ ምን ፈልገው ነው?»

ጋሽ ድንች አቤቱታውን አራት ቦታ ቀደው ኪሳቸው ከተቱት።

«ፈቃድ።»

«እሺ፣ ከጤና ምርመራው ይጀምራሉ። ቦታስ የት ይፈልጋሉ?»

«እዚያው ሆስፒታሉ በር። ከዚህች ልጅ ስንት ሜትር መራቅ አለብኝ?»

«ሃያ።»

«ሃያ ብቻ?» ዞር ብለው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የድንቼ ሽታማ እዚያ ድረስ ይደርሳል። እንግዲህ ወረፋሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዥ!»