ቅዳሜን ያልጠበቀ መርዶ

እኔ እንደዚያ ሳምንት ተቁነጥንጬ አላውቅም። የባለቤቴ እናት አዲስ አበባ ካረፉ አራት ቀናቸው ነው፤ እሷ ግን አልሰማችም። ቅዳሜ ማለዳ ዘመዶቿ ከዙሪክ መጥተው እስኪያረዷት ድረስ ስልኳን እየደበቅሁ፣ ሰው ሲደውል እየቀደምኩ ሰነበትኩ። ሐሙስ ዕለት በምንኖርበት በሜራን ከተማ ያለው የልጃችን ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። መምህርቷ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን የሚያስቡበትን በዓል ለልጆቹ አስተምራ፣ ጠረጴዛውን በብርቱካንማ አበባና በሻማ አስጊጣ፣ “የሞተባችሁን ዘመድ ፎቶ አምጡ” ብላቸው ኖሯል። ገና ከበሩ ስገባ አማቴ ከጠረጴዛው መሀል፣ ከፎቶው ውስጥ ሆነው ያዩኛል! ዘልዬ ፎቶውን ጃኬቴ ውስጥ ወሸቅሁት።

“ፓፓ፣ መልስ! አያቴ ናት!” ብላ ልጄ ጮኸች።

“ዝም በይ! አያትሽ ደህና ናቸው።”

“አይደለም! ሞታለች። አንተ በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ።”

ዞር ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማለች። እጇን ጃኬቴ ውስጥ ሰድዳ ፎቶውን አወጣችና ከሻማው አጠገብ መልሳ አቆመችው።

“ዙሪክ ደውልላቸው” አለችኝ። “ቅዳሜን አይጠብቁ። ልጄ አርድታኛለች።”