መኪናዬን ያከመልኝ ሰው

እንዴት ዋሉ ጋሼ? ጋራዡን አሳመሩት እኮ! ቀለም አስቀቡት መሰለኝ… እሰይ፣ ይበል ነው። ያ አግዳሚው ላይ ሻይ የሚጠጣው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ በራሱ መኪና ጎትቶልኝ መጥቶ ነው። እሱን ይተዉት፣ ይረፍበት። እኔ የማወራዎት ስለ ሌላ ሰው ነው።

ይቺን ሚኒባስ የገደልኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ደንቆሮዋ! የተማሪ ሰርቪስ እየነዳሁ ልጆቼን የማሳድገው በሷ፣ ዘይት መቀየር ግን አላውቅበትም። አሁን ከፍተው ያዩት ሬንጅ ዘይት ነበረ፤ አይሳቁብኝ። ደግነቱ መካሪ አላጣሁም። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይሉ የለ? እኔ መካሪ ስላለኝ… ዓመቱም አልሞላልኝም።

ያ የምልዎት ሰው፣ አቤት እውቀቱ! «ዘይት መቀየር የሞኝ ሥራ ነው። ባለው ላይ ይቺን መድኃኒት ጠብ ካደረግሽበት ሞተሩ ዕድሜ ልክ ያገለግልሻል» አለኝ። አልዋሸም እኮ፣ ዕድሜ ልኳን አገለገለችኝ… ትናንት እስክትሞት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን ከፍቼ ጠርሙሱን ስገለብጥላት፣ ጡጦ የማጠባ እንጂ መኪና የምነዳ አልመስልም ነበር። ይባስ ብዬ በጊዜው ዘይት በሚቀይሩት ሾፌሮች ላይ ስቄባቸዋለሁ! ይኸው፣ አሁን ተራቸው ነው።

የራሱን መኪና ዘይት? ኧረ ለሷማ ጊዜው ሳይደርስ ነው የሚቀይርላት። «ያንተዋስ መድኃኒቱን አትወስድም?» ስለው፣ «የኔዋ መቼ ታመመችና!» አይለኝም? ገዝቼ ያስቀመጥኩትን አዲስ ዘይት እንኳ «እዚህ ይበላሽብሻል» ብሎ በአደራ ወሰደልኝ። የዛሬ ሰው አደራ ይበላል፤ እሱ ግን ጠብታ ሳያባክን… በገዛ ሞተሩ ውስጥ ይዞልኛል።

ምነው ጋሼ፣ ወዲያ ወዲያ ያያሉ? ሻዩ ትን ብሎት ነው፣ ይለቀዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ነገ ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው በየበራቸው ሲጠብቁኝ ምን እላለሁ? ወላጆቻቸው ሌላ ሰርቪስ ከያዙ በምን ቤቴን አስተዳድራለሁ? አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎትም።

በሰውየው ግን አልፈርድም፤ ከአፌም ክፉ አይወጣም። አሜን ይበሉ ጋሼ፤ ዕድሜና ጤና ይስጠው። አርጅቶ ጉልበቱ ሲከዳው ደግሞ… ልጆቹ ለኔ መኪና ባሰበላት ልክ ያስቡለት።