ተገልብጦ የወጣው ታፔላ

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት ብረት ሠሪው አያ ደሴ በገዛ ደጃፋቸው ሃያ ጅራፍ ተገረፉ። እኔ ማረሻ ላሠራ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር። መኮንኑ በመንገዱ ዳር የሚተከል የብረት ታፔላ አዝዞ፣ የከተማውን ስም በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቷቸዋል። አያ ደሴ የቀለጠው ብረት በሚፈስበት ጭቃ ላይ ፊደሉን ገልብጠው ቀረጹት። መኮንኑ ይህን ሲያይ በጫማው ደመሰሰው።

«እንደ ወረቀቱ ቅረጽ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው። «ቀጥቃጭ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል አዋቂ የሆነ?»

«ልጄ፣ ይህ እንደ ማኅተም ነው። ጭቃው ላይ ከቀና ብረቱ ላይ ይገለበጣል። እባክህ ንገርልኝ።»

አስተርጓሚው ሁለት ቃል ተናገረ፤ የመኮንኑ ፊት ተፈታ። አያ ደሴ እንደታዘዙት ቀረጹ፤ ብረቱም እንዳሉት ተገልብጦ ወጣ። አስቀድመው እውነቱን የተናገሩ ሽማግሌ በሌላ ሰው ጥፋት መሬት ላይ ተዘርግተው ተገረፉ። ጅራፉ ባረፈ ቁጥር መኮንኑ በጣሊያንኛ ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገመ ይጮኻል። ስድብ ነው ብዬ ለዓመታት ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አስተርጓሚውን አንበሳሜ ገበያ አገኘሁትና ያን ዕለት ምን ብሎ እንዳስተረጎመ ጠየቅሁት።

«‹እሺ ብሏል› አልኩት» አለኝ። «ተሳስተሃል ብዬ ልገረፍ?»

«ታዲያ እሱ ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?»

ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

«‹ለምን አልነገርከኝም?› ነበር የሚለው።»